ቀኝ እጅ፣ ግራ ጆሮ

በእኔ ጊዜ አንደኛ ክፍል ለመግባት የልደት ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቢጠየቅም የሚያመጣ አይገኝም። ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በጆሮው ነበር። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ የግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ አልደረሰም፣ ለከርሞ ይመለስ። እኔም የገባሁት በዚሁ ነው። አንገቴን ወደ ቀኝ ሰበር አድርጌ ስላጭበረበርኩ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ትንሿ እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬም አልተጸጸትኩበትም።

ደርግ ሲመጣ ብዙ ነገር ተለዋወጠ። ጌታው ጓድ ሆነ፣ ቪላው የቀበሌ ሆነ። የጆሮው ነገር ግን እንዳለ ቀጠለ። ያኔ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የተጻፈው «የሙያ ሕክምና ረዳት» የሚል ነው። ምን ማለት እንደሆነ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ እግዜር ይቁጠረው። አካሉ የተጎዳን ሰው ጅማቱን የሚያፍታቱለት ሌሎች ናቸው። የእኔ ድርሻ ያ እጅ ቁልፍ እንዲቆልፍ፣ እንጀራ እንዲቆርስ፣ እርሳስ እንዲይዝ ማለማመድ ነው። የሕፃን ሥራው መጫወትና መማር ስለሆነ ሕፃኑን የምናክመው በጨዋታ ነው። ይህን ሁሉ አብራርቼ ስጨርስ የልደታ ሰፈር ሰው ራሱን ነቅነቅ ያደርግና «እህ፣ ወጌሻ ነሽ በይኛ!» ይለኛል። በመጨረሻ ተውኩት። ወጌሻም በሉኝ፣ የእጅ ሐኪምም በሉኝ፣ ብቻ ልጁን አምጡልኝ አልኩ።

ሙያውን ያስተማረችኝ ከውጭ አገር የመጣች ባለሙያ ነበረች። ኮንትራቷ አልቆ ስትሄድ አንድ የጨርቅ ቦርሳና አንድ የማስታወሻ ደብተር ተወችልኝ። እሷ ስትሄድ ይህን ሥራ የማውቀው በከተማው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ተሰማኝ። ትንሽ የተጋነነ ቢሆንም ብዙም ውሸት አልነበረውም። ጎበዝ ነበርኩ፤ ጎበዝ መሆኔንም አውቀው ነበር፤ የማያውቅ ሰው ካጋጠመኝ ደግሞ እነግረዋለሁ።

በሳምንት ሦስት ቀን ከምሠራበት የማገገሚያ ማዕከል ወጥቼ ሜክሲኮ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ቁልቁል በእግሬ ልደታ እወርዳለሁ። እዚያ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት አለ። ቤቱ የተወረሰ ቪላ ነው። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ሕፃናት የአብዮቱ አበቦች መሆናቸው ተጽፏል፤ አበቦቹ ከጽሑፉ ሥር ተደርድረው ንፍጣቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ። የሞግዚቶቹ አለቃ ቪላው ሳይወረስ የዚያው ቤት ወጥ ቤት የነበሩ ሴትዮ ናቸው። ትንሽ ትልቁ እማማ ይላቸዋል። መጀመሪያ ቀን ሕፃናቱን ከብቤ ሊጥ ሳስቦካ አይተው ከበሩ ላይ ቆሙና «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም?» አሉኝ። «ለራት አይደለም እማማ፣ ለጣታቸው ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ዱቄቱ የማን ነው?» አሉ። ዱቄቱ የእሳቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንጣላና ስንታረቅ በጣም ተዋደድን።

ልጅቱን ያገኘኋት የካቲት ላይ ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀሯት፣ ግንባረ ሰፊ፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ግን አንድ ነገር የማያመልጠው ልጅ ነበረች። ጨቅላ ሳለች ከባድ ትኩሳት ይዟት፣ ትኩሳቱ ሲለቃት ቀኝ ጎኗን ይዞባት ሄዷል። ቀኝ እግሯን በመጠኑ ትጎትታለች። ቀኝ እጇ ከክርኗ ታጥፎ ደረቷ ላይ ተለጥፏል፤ አውራ ጣቷ ጭብጧ ውስጥ ተቀብሯል። ግራ እጇ ግን እሳት ነበረች። ከሌሎቹ ልጆች ሁለት እጅ ቀድማ ዳቦውን አንስታ፣ ቁልፉን ፈትታ፣ ጎረቤቷን ቆንጥጣ ትመለሳለች።

በሦስተኛው ሳምንት እናቷ ልታነጋግረኝ መጣች። በልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ፊት ያላት፣ ምናልባት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ባሏ ግንባር ነው። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥም አለች።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ይቺ ልጅ ለመስከረም ጆሮዋን ትነካለች ወይስ አትነካም?»

ነገሩን ቆማ አስረዳችኝ። ባለፈው ዓመት ወደ ትምህርት ቤት ወስዳት ነበር። ዳይሬክተሩ ቀኝ እጅሽን አንሺ አሏት፤ እጁ ከአገጯ አላለፈም። በግራዋ ጆሮዋን ነክታ ብታሳያቸው ደንቡ በቀኝ ነው ብለው መለሷት። አሁን ደግሞ በቀበሌው ሕግ መዋዕለ ሕፃናቱ ሰባት ዓመት የሞላውን አያቆይም። ለመስከረም ትምህርት ቤት ካልገባች እናቷ ፈረቃ ስትወጣ የምታስቀምጥበት ቦታ የለም። ያለው አንድ መንገድ ሸዋ ገጠር አያቷ ዘንድ መላክ ነው፤ ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ፣ ትምህርት ቤት የሚባል በአካባቢው የሌለበት።

«እዚያ ከገባች አትወጣም» አለች እናትየው። «ይህን እጅ ይዛ እንጨት አትለቅም፣ ውሃ አትቀዳ። ማን ያገባታል? ምን ሠርታ ትበላለች? ፊደል ከቆጠረች ግን አንድ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላ ትኖራለች። ያላት ትምህርት ብቻ ነው።»

«ትነካለች» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መንካት ብቻ? እየጎተተች ነው የምታሳያቸው!»

እማማ ከኋላ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ግን ምን ይሉኝ ብዬ እንጂ መማል ሁሉ አምሮኝ ነበር። ስድስት ወር አለኝ፤ እጁም እንደማየው የደረቀ ሳይሆን የሰነፈ ነው። ከዚህ የባሰ እጅ ጠረጴዛ እንዲጠርግ አድርጌ አውቃለሁ።

ሥራውን ጀመርን። የተጨበጠ እጅ ከጣቱ ጫፍ ተይዞ አይከፈትም፤ ይበልጥ ይጨብጣል። መጀመሪያ የእጁን አንጓ ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጎ፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ከሥሩ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ያኔ ሌሎቹ ጣቶች ራሳቸው ይለቃሉ። እጇ ሲከፈት መዳፏ ውስጥ ሁልጊዜ እርጥበትና የዳቦ ፍርፋሪ አገኛለሁ። ሊጥ አስጨመቅኳት፣ ባቄላ አስለቀምኳት። በግቢው የልብስ ገመድ ላይ መቆንጠጫ እንድትሰቅል አደረግኳት፤ ገመዱን መጀመሪያ በደረቷ ልክ አሰርኩት፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ ጣት ከፍ አደርገዋለሁ። ከሁሉ የወደደችው የሻሹን ጨዋታ ነው። ሻሼን ፈትቼ አናቷ ላይ ጣል አደርግና በቀኟ ይዛ በግራ ጆሮዋ በኩል ጎትታ እንድታወርደው አዛታለሁ። ሻሹ ዓይኗ ላይ ሲወድቅ ትስቃለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት የተተረተው ለዚህች ልጅ ነው እያልኩ እማማን አስቃቸው ነበር።

ያስቸገረችኝ ግራዋ ናት። ቀኟ አንድ መቆንጠጫ ለማንሳት ስትንደፋደፍ ግራዋ ትመጣና አንስታ ሰቅላ ትሄዳለች። የመምህሬን ደብተር ገልጬ አየሁ። ደህናዋን እጅ በጨርቅ ሸፍኖ የደከመችውን ብቻዋን ማሠራት እንደሚቻል ጽፋለች፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ይላል። ግማሽ ሰዓት ለፈረንጅ ልጅ ነው አልኩ። እኔ ጠዋቱን በሙሉ አደረግሁት። አንድ አሮጌ የወንድሜን ካልሲ አምጥቼ በግራ እጇ ላይ እስከ ክርኗ አጠለቅሁና «ግራ ተኝታለች። አትቀስቅሻት» አልኳት። «እስከ መቼ ነው የምትተኛው?» አለችኝ። «እስከ ምሳ» አልኳት።

በሚያዝያ ለእናትየው ሁለተኛ ካልሲ ሰጥቼ ቤትም እንድታጠልቅላት ነገርኳት። እናትየው እጄን ልትስም ምንም አልቀራት። ለካ የልጇ ቀኝ መድከም ብቻ ሳይሆን የግራዋ መቅደምም ሲያሳፍራት ኖሯል። ልጅቱ ከሰው ጋር በአንድ ትሪ ቀርባ ግራዋን ስትሰድ «አላሳደግሻትም?» የሚል ዓይን እናቷ ላይ ያርፋል። በግራ መብላት፣ በግራ መቀበል፣ በግራ ሰላም ማለት ነውር ነው፤ ይህን እኔም ከጡት ጋር የጠባሁት ነው። ስለዚህ በካልሲው ጉዳይ እናትየውም፣ እማማም፣ እኔም፣ የሰፈሩም ሰው አንድ ልብ ነበርን። ያላማከርናት ልጅቱን ብቻ ነው።

ለግንቦት ልደታ እናትየው ቤቷ ጠራችኝ። የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ንፍሮውን ይዞ ደጅ ወጥቶ፣ ምንጣፍ አንጥፎ ተቀምጧል። ንፍሮው በሰፌድ ሲዞር ልጅቱ ጋ ደረሰ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ልጅቱ ቀኝ እጇን ከደረቷ ላይ አላቀቀች፣ ሰፌዱ ውስጥ ከተተች፣ ጥቂት ስንዴና ሽምብራ ጨብጣ ወደ አፏ ወሰደች። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ቀረ፣ ግማሹ አፏ ገባ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲት ባልቴት ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ግራ እጇን ፈለግኩ፤ ካልሲውን ለበዓሉ አውልቀውላታል፣ እሷ ግን በራሷ ፈቃድ መዳፏን ከመቀመጫዋ ሥር ከትታ ተቀምጣበታለች። «አያችሁ? ማንም ሳይነግራት!» ብዬ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። የተናገርኩበት ኩራት አሁንም ይሰማኛል፤ ዛሬ ግን አብሮት የሚመጣው እፍረት ነው።

ሰኔ ላይ ደግሞ ይህ ሆነ። አንድ ጠዋት ልጅቱ ከክፍል ጠፋች። ስፈልጋት ከውሃው በርሜል ኋላ፣ በቪላው የጀርባ ግድግዳ ሥር ተንበርክካ አገኘኋት። ካልሲው መሬት ላይ ወድቋል። በግራ እጇ ከሰል ይዛ ግድግዳው ላይ እየጻፈች ነው። በሳሎኑ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ እማማ ለሌሎቹ ልጆች በየቀኑ በዘንግ እያመለከቱ ያስቆጥሩ ነበር፤ እሷ ከእኔ ጋር ከጥግ ሆና እያየች ይዛው ኖሯል። ምን ያህል እንደጻፈች እንኳ አልቆጠርኩም። የታየኝ ካልሲው መሬት ላይ መውደቁ ብቻ ነው። አራት ወር ሙሉ የለፋሁባት ልጅ ከጀርባዬ የካደችኝ መሰለኝ።

«ግራ ተኝታለች አላልንም?» አልኳት ጮክ ብዬ።

የጻፈችውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ ካልሲውን አነሣች፣ በጥርሷ ይዛ ራሷ አጠለቀችው። ከዚያ በኋላ ከሰል ይዛ አላየኋትም። እኔም ተገሠጸች ብዬ ደስ አለኝ።

እጁ በበኩሉ ሥራውን ሠራ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። በሐምሌ አናቷን ነካች። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሻሹን ጎትታ ስታወርድ ሁለት ጣቶቿ የግራ ጆሮዋ ላይ ቀሩ። እሷም ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ። «ምንድን ነው የያዝሽው?» አልኳት። «ጆሮዬን» አለች በሹክሹክታ። እማማ ከወጥ ቤት ድረስ እየሮጡ መጥተው አዩና፣ በዚህ ሁሉ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም ተረት ሳይተርቱብኝ ሄዱ።

የምዝገባው ቀን ጭቃ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ወዲህ ነው፤ ሰልፉ ከበሩ ውጭ እስከ መንገዱ ደርሷል። እናትየው ፈረቃዋን ለምና ቀይራ፣ ልጇን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ ነጭ ቀሚስ አልብሳ አምጥታታለች። እኔም መቅረት አልሆነልኝም። ሥራዬ ሲመረቅ ማየት እፈልግ ነበር።

ዳይሬክተሩ ካኪ ኮት የለበሱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ የተቆጡ የሚመስሉ ግን የደከሙ ሰው ናቸው። ከፊታቸው ትልቅ መዝገብ አለ። ከጎናቸው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተደገፈ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳውን አየሁት፤ ምን እንደሚሠራ ግን አልጠየቅኩም።

ተራችን ደረሰ። «ቀኝ እጅ» አሉ ዳይሬክተሩ ቀና ሳይሉ።

ልጅቱ እጇን አነሣች። በአገጯ አለፈ፣ በግንባሯ አለፈ፣ አናቷ ላይ ተንቀጥቅጦ ቆመ፣ ከዚያ ወርዶ ጆሮዋን ያዘ። እንዳልኩትም ጎተተችው። ዳይሬክተሩ ቀና አሉ፤ አስታውሰዋታል መሰለኝ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ጎሽ» አሉ። እናትየው በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ዙሪያዬን ተመለከትኩ፤ የሚያይ ሰው ይኑር አይኑር ለማረጋገጥ ነው።

«አሁን ጠመኔ ስጧት» አሉ ዳይሬክተሩ።

ለካ ዘንድሮ የተመዝጋቢው ቁጥር ከቦታው ስለበለጠ ሌላ ፈተና ጨምረዋል። ጆሮውን የነካ ልጅ ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ወይም አንድ ፊደል ይሥላል፤ ጠመኔ መያዝ ያልቻለ ይመለሳል። ይህን የሰማሁት እዚያው ቆሜ ነው። ልጅቱ ጠመኔውን በቀኟ ተቀበለች። ጨበጠችው እንጂ አልያዘችውም። ሰሌዳው ላይ ስታደርሰው ወደቀ። አንስተው ሰጧት፤ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ለሁለት ተሰበረ። ክንድ አሠልጥኜ ጣት ረስቼ ኖሯል። ስድስት ወር ሙሉ ለጆሮ ሠርቼ ለጠመኔ አንድ ቀን አልሠራሁም። ግራ እጇ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከኋላዋ፣ በቀሚሷ መቀነት ውስጥ እንደተሸጎጠች ነበረች።

«ለከርሞ ትምጣ» አሉ ዳይሬክተሩ። «ቀጣይ!»

የእናትየውን ፊት ማየት አልቻልኩም። ከርሞ የሚባል ነገር እንደሌለ እኔ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ልጅቱን እጇን ይዛ ዘወር ልትል ስትል እኔ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጄን አሳረፍኩ።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ ይቺ ልጅ መጻፍ ትችላለች። በግራዋ ነው የምትጽፈው። ያላዩት በእኔ ጥፋት ነው።»

«አንቺ ማነሽ?»

ማንነቴን ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በአጭሩ ነገርኩ።

«እዚህ በግራ የሚጻፍ ትምህርት የለም» አሉ። «አንድ ወንበር ላይ አራት ልጅ ነው የሚቀመጠው። በግራዋ ስትጽፍ የጎረቤቷን ክንድ ስትገፋ ልትውል ነው። ደግሞ ነውር ነው፤ ሌሎቹም ይለምዱባታል።»

«ጫፍ ላይ ትቀመጥ። ነውሩን ደግሞ ለእኔ ይተዉት፤ እዚህ ካለነው ሁሉ ነውር የሠራሁት እኔ ነኝ። ስድስት ወር ሙሉ የምትጽፍበትን እጅ አስሬባታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ይዩዋት። ካልጻፈች እኔ ራሴ ይዣት እሄዳለሁ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዳይሬክተሩ መዝገቡን፣ ሰልፉን፣ እኔን አዩ። «አንድ ጊዜ» አሉ።

ወደ ልጅቱ ዞሬ ተንበረከክሁ፤ ቀሚሴ ጭቃ ነካ። የተሰበረውን ጠመኔ አነሣሁና «በግራሽ ጻፊላቸው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ተኝታለች» አለችኝ።

«ተነሥታለች።»

«እስከ ምሳ ነው ያልሽው። ገና ጠዋት ነው።»

ቃሌን እንዲህ አድርጎ የጠበቀልኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም። «ዋሽቼሽ ነው» አልኳት። «ግራሽ ተኝታ አታውቅም። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።» አላመነችኝም። ለምን ታምነኛለች? ከሰል ስትይዝ የጮህኩባት እኔ ነኝ። እናቷ ከላይ ሆና «እባክሽ ልጄ» ትላለች፤ ልጅቱ ትክ ብላ እኔን ብቻ ታያለች፣ እጇ መቀነቷ ውስጥ ናት።

ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ተነሣሁና ጠመኔውን በራሴ ግራ እጅ ይዤ፣ በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት፣ ሰሌዳው ላይ ክብ ልሠራ ሞከርኩ። እኔ በግራዬ ጨው እንኳ አላቀብልም። የሠራሁት ነገር ክብም አይባል፣ ድንችም አይባል፤ ሄዶ ሄዶ መነሻውን ሳያገኝ ቀረ። ቀጥዬ «ሀ» ልጽፍ ስል ጠመኔው ጮኸ፣ አንዱ እግሩ አጠረብኝ። ከሰልፉ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። የዳይሬክተሩም ጢም ትንሽ ተነቃነቀ። ፊቴ ጋለ። ግን እጄን አላወረድኩም፤ ሁለተኛውን «ሀ» ጀመርኩ፣ እሱም ባሰ።

«እንደዚህ አይደለም» አለች ልጅቱ።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

ግራዋ ከመቀነቱ ወጣች። ጠመኔውን ከእጄ ነጠቀችኝ፤ እንደ ድሮዋ ነው የነጠቀችኝ። የእኔን ጉድ በመዳፏ ጠርጋ ጻፈች። ሰሌዳው በማቆሚያው ላይ መወዛወዝ ሲጀምር ቀኝ ክንዷ ከደረቷ ላይ ተነሣ፣ ሄዶ የሰሌዳውን ጠርዝ ተጭኖ ያዘ። ማንም አላዘዛትም። ቀኝ ያዘ፣ ግራ ጻፈ። ስድስት ወር ሙሉ ገመድ ከፍ ዝቅ ሳደርግ የዚያ እጅ ሥራ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኩም ነበር። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ። ሐን ጀምራ ሰሌዳው አለቀባት፤ ከጠርዙ ጋ ባዶ ቦታ ፈልጋ ወደ ታች ወረደች።

«በቃ፣ በቃ» አሉ ዳይሬክተሩ። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሡ፣ ወደ ሰሌዳው ቀርበው ፊደሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ይህን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

በዚያ ሰፈር ውስጥ ማን ሠራው ሲባል እኔ ለማለት የሚቀድመኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ያየኛል። እማማ እንኳ ቢኖሩ ያን ቀን አዎ ብል የሚያሙኝ አይመስለኝም።

«አይ» አልኩ። «እኔ ስከለክላት ነው የተማረችው።»

ዳይሬክተሩ ተቀመጡ፣ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ ብዕራቸውን አነሡና እናትየውን «ስሟን ከነአባቷ ንገሪኝ» አሏት።